በቃል ይከፈል ነበር

ሎግላይን ይሉታል፤ ፊልሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር
ጨምቆ መናገር።
ከሃያ ቃል በላይ አንቀበልም አሉ፤
የኔ ስልሳ ሦስት፤ ሁሉም ይምላሉ
"ያለኔ አይሆንም ታሪኩ" እያሉ።

"በውቢቷ ጅማ፣ በአረንጓዴዋ ምድር፣
ደግ፣ ትሁት፣ ታታሪ፣ ድሃ ሆኖ የሚኖር
አንድ ወጣት ባጃጅ ነጂ፣ በአንድ ዝናባማ ሌሊት፣
ፈጽሞ ባልጠበቀው፣ ባላሰበው ቅጽበት…"
ሕፃኗ ሳትደርስ ትንፋሼ አለቀ፤
ዝናቡም ከላይ ቆርቆሮው ላይ ሳቀ።

ይዤው ሄድኩ ወደ እትዬ ልኬለሽ ቤት፣
ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ኮባው ካለበት።
ጡረተኛ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ከቴሌ መስኮት ጀርባ ቃል ሲቆጥሩ ዋሉ።
ያኔ ቴሌግራም በቃል ይከፈል ነበር፤
ድሃው መስኮቱ ሥር ሳንቲሙን ሲቆጥር
እሳቸው እርሳሱን በምራቅ አርሰው
"ይኼ ለምን?" ይላሉ፣ ሰላምታውን ቀንሰው፤
"'እንደምን ሰነበትክ' ሁለት ቃል፣ ሁለት ዋጋ ነው፤
መታመሟን ጻፍ፤ ሰላምታው ሲመጣ ይድረሰው።"

መነጽራቸውን ጠርገው ወረቀቴን አዩ፤
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቃላቴን ለያዩ።
"'ውቢቷ' ምንድን ነው? ካሜራ የለህም?
'ታታሪ'ን ተወው፤ ሌሊት የሚሠራ ሰነፍ አይደለም።
'ፈጽሞ'ና 'ባላሰበው'፦ ሁለት ጃንጥላ ለአንድ ሰው!
'አንድ'፣ 'አንድ' አትበል፤ ስንት ሊሆን ነው?"

ደሜ ፈላ፣ ዝም አልኩ። "ደግ"ን ሲደርሱባት
እጄን ጫንኩባት፤ "እሷን እንኳ አይንኳት።"
"ሲያቅፋት አየሁት፤ ደግነቱ በቃ" አሉ፣
"ከታቀፈች ወዲያ ምን ይሠራል መማሉ?"

የተረፈው ይኼ ነው፦
"ባጃጅ ነጂ፣ ወንበሩ ላይ የተተወች ሕፃን ታቅፎ፣
ሳይነጋ እናቷን ይፈልጋል።"

አሥር ቃል። ልብሴን የገፈፉኝ መሰለኝ፤
ቀለለኝ፣ ደግሞም በረደኝ።

ልነሣ ስል ግን ያዙኝ፤ እርሳሱን አስቀምጠው፣
"አንድ ጊዜ" አሉ፣ ጣታቸው ላይ አፍጠው፣
"ከሰቃ የመጣች ሐዋ የምትባል እናት፣
ልጇ አሰብ ወደብ ነበር፣ ተጣልቶ ከአባት።
የአራት ቃል ብር ብቻ በመሐረብ ቋጥራ
አምስት ቃል አስጻፈች፣ በጣቷ ቆጥራ፦
'ሸምሱ። አባትህ ሞቷል። አልተቀየመህም። ና።'
አንዱን መቁረጥ ነበር፤ እኔም አየሁና
'አልተቀየመህም'ን አወጣሁ፣ መልእክቱ ሞልቷል አልኩና።
ስሙ አድራሻው ላይ ተጽፎ ነበረ፤
ልጁ አልመጣም፤ በዚያው ባሕር ተሻገረ።"

ዝናቡ አባርቷል። ጂሬን ጉም ለብሷል።
እርሳሱን አነሡ። የቆረጠ እጅ መቼ ይመልሳል?
ከ"እናቷን" ቀጥሎ፣ በሚንቀጠቀጥ ጽሕፈት፣
አንዲት ቃል ጨመሩ፦ "ሳይቀየማት"።

ወጣሁ። ድልድዩ ላይ በጣቴ ቆጠርኩ፤
አሥሩ ጣቴ ሞላ፤ አንዷን ይዤ ቆምኩ።