የጠላቂው ገመድ

ሙሐረቅ ሲመሻሽ ባሕሩ አይበርድም፤
ከግንቡ የወጣው ሙቀት አይሄድም።
የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ ጠብ ጠብ ሲል
ባልዲ አስቀምጬ ጠብታ እቆጥራለሁ፣ ጸሎት ይመስል።

ስልኬ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፤
«ፓስተር፣ ተኝተሃል?» ትላለች አንዲት እህት፣
ወጥ ቤት ወለል ላይ ነው ፍራሽ የዘረጉላት።
ድምፅ እንዳይሰማ ትራስ አፏ ላይ አድርጋ
ስለተያዘ ደሞዝ፣ ስለ ፓስፖርቷ፣ ስለማይነጋ
ሌሊት ትነግረኛለች።
እኔም የማውቀውን እላለሁ፦ «ጌታ አለ።
ያይሻል። አይዞሽ።» ድምፄ ደህና ነው፤ አልራደ፣ አልዛለ።
ስልኩን ስዘጋው ግን፣ ያ ያልኳት ቃል ሁሉ
እኔ ዘንድ አልቀረም፤ አብሯት ሄዷል ሙሉ በሙሉ።

ወር ሲያልቅ ሆሳዕና ላሉት፣ ለላኩኝ ሽማግሌዎች፣
ሪፖርት እጽፋለሁ፤ ቁጥሮች፣ ፎቶግራፎች፦
«ዓርብ ዓርብ አዳራሹ ጠቦናል፤ ሰባት ተጠመቁ፤
ክብር ለእርሱ ይሁን። ስለ እኔ አትጨነቁ።»
አልጽፍም ግን ቧንቧ ከፍቼ ማልቀሴን፣
ጎረቤት እንዳይሰማ በፎጣ አፍኜ ትንፋሼን፤
መጽሐፉን የምገልጠው ለስብከት ብቻ እንደሆነ፣
ለራሴ የማነበው ገጽ ከቤቴ እንደ መነነ።
ማሳረጊያው ሁሌም አንድ ነው፣ እንደ ማኅተም፦
«በጸሎት አስቡኝ።» ጣቴ ጽፎት ያልፋል፤ ልቤ እዚያ የለም።

ጎረቤቴ ቡ ራሺድ፣ የሰማንያ ዓመት አዛውንት፣
ከመግሪብ በኋላ ደጁ ላይ ይቀመጣል በየዕለት።
ሻይ ይዞ ይጠራኛል፦ «ያ ሐበሺ፣ ና፣ አረፍ በል!»
አግዳሚው አንድ ነው፤ ሃይማኖታችን ለየቅል።
አባቱ ዕንቁ ጠላቂ ነበረ፤ ስለ እርሱ ሲያወራ
እጁ አየሩን ይቀዝፋል፣ ያለ ይመስል ከእርሱ ጋራ።
«ድንጋይ ከእግሩ ያስራል፤ አፍንጫውን በቀንድ ይቆነጥጣል፤
ትንፋሹን ይቆጥባል፤ ይወርዳል።
ብቻውን ግን አይደለም! ጀልባው ላይ አንድ ሰው አለ፣
ገመዱን ይዞ የቆመ፣ ዓይኑ ከውሃው ያልተነቀለ።
ጠላቂው ገመዱን ነካ ሲያደርግ፣ ሳቢው ይስባል፤
ነካ ካላደረገ፣ ሳቢው ምን ያውቃል?»
ሻዩን ጠጣ፣ ዝም አለ። ከዚያ፦
«ጎበዞቹ ናቸው የሰመጡት፤
አንድ ዛጎል ልጨምር ሲሉ፣ ገመዱን ያልነኩት።»

ያን ሌሊት ሆሳዕና ጻፍኩ፤ ያለ ፎቶ፣ ያለ ቁጥር፦
«ደክሞኛል። መጸለይ አቅቶኛል። ሳቡኝ።» ሌላ አልነበረኝም ነገር።
አንድ ቀን አለፈ። ሁለት። መልስ የለም። ኔትወርክ ይሆናል።
ወይም ይመክሩ ይሆናል፤ ሰው ሲደክም ኮሚቴ ይቋቋማል።

በሦስተኛው ሌሊት ስልኩ ተንቀጠቀጠ።
«ፓስተር፣ ተኝተሃል?» ዘርፌ ናት።
አፌ ላይ «አይዞሽ» መጣ፤ መጣና ቀለጠ።
«አልተኛሁም፣ ዘርፌ። እኔም ደክሞኛል» አልኳት።
ከኋላዋ ፍሪጅ ሲያጉረመርም ሰማሁ፣ ዝምታው ሲረዝምባት።
ከዚያ «ቆይ» አለችኝ፤ «በሩን ገጠም ላድርግ።»
ተመልሳ መጣች፤ በሹክሹክታ፣ ያለ ማዕረግ፣
ያለ ፓስተር፣ ኤርጫፎ ብላ፣ እናቴ ባወጣችልኝ፣
ለአምላኳ ነገረችው፦ «ይኼ ልጅህ ዝሏል። በእንቅልፍ ዳስሰው። ጠብቅልኝ።»
አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። የእመቤቲቱ ደወል ጮኸ፤ ተቋረጠ፣ አሜን ሳትል።
እኔ አሜን አልኩላት፣ ለጠፋው ስልክ፣ ቀስ ብዬ፣ ባልዲው ጠብ ጠብ ሲል።

ገመዱ እንዲህ ቀጭን ነው። የምጠብቃት መስሎኝ ሳለሁ
እሷ ጀልባው ጠርዝ ቆማለች፤ እኔ ነኝ ከሥር ያለሁ።

ተኛሁ። ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ምንጣፉን አራሰው፤
ቀትር ላይ በሩን እየደበደበ ቡ ራሺድ ነው የቀሰቀሰኝ፣ በዚያ በትሩ ጫፍ እየነረተው።
«ያ ሐበሺ! ደህና ነህ?» «ተኝቼ ነበር» አልኩት።
ሳቀ። ሻይ ሰጠኝ። ባዶ እግሬን፣ ውሃው ላይ ቆሜ ጠጣሁት።