ሦስት መቶ ሜትር

የጣቢያችን ሞገድ ሦስት መቶ ሜትር ነው፤
ከቱሊዮ ሰገነት ይነሣል፣ ከምንጩ ወዲያ አያውቀውም ሰው።
ማሰራጫው ቢበዛ አንድ የጫማ ካርቶን ያህላል፤
አንቴናው በልብስ ማስጫ ገመድ ከጎረቤት አንሶላ ጎን ታስሯል።
ነፋስ ከወደቡ ወጥቶ አንሶላውን ሲያራግበው
የዜና አንባቢያችን ፊት ይሸበሸባል፤ ማንም ብርቅ አይለው።

ጄኖቫ ነው፤ ከወደቡ ጀርባ፣
አንዱ ሊወጣ ሲል ሌላው ትከሻውን አዙሮ የሚገባበት፣
ፀሐይ ለሃያ ደቂቃ ብቻ ጎራ የምትልበት፣
ድንጋዩ ዓሣ ዓሣ የሚሸትበት።

እኔ ደረጃ አጣቢ ነኝ፤ ሰባት ሕንፃ በሳምንት፣
ሰውን በጫማው ጭቃ የማውቅ፣ በበሩ ምንጣፍ፣ በቆሻሻው ከረጢት።
ቱሊዮ ጡረተኛው፣ የቴሌቪዥን ጠጋኙ፣ አንድ ቀን ከነባልዲዬ አቆመኝ፤
«እጅሽ አይንቀጠቀጥም» ብሎ ካሜራ አስያዘኝ።
አስተማረኝም ባንድ ቃል፦
«ከሰውየው ዓይን በላይ አታንሺው፤ ቁልቁል የታየ ሰው ያንሳል።
ደግሞ ቶሎ አትቁረጪ፤
ሰው እውነቱን የሚያወጣው ‹በቃ ጨረስኩ› ካለ ወዲህ ነው፤ ጠብቂ።»

ትልልቆቹ ጣቢያዎች አንዴ መጥተው ነበር፣ ጎርፉ የገባ ለታ፤
በንጹሕ ቦቲ ጭቃችን ላይ ቆሙ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ማታ፤
የመንገዳችንን ስም አሳስተው ጠርተው ሄዱ።
እኛ ከጭቃው ጋር ቀረን።
በየመስኮቱ ደፍ ጫማ ሲደርቅ ስንቀርጽ ሰነበትን፤
ቁልፍ ቀራጩ ኦረስቴ አራት ሺህ ቁልፍ በጥርስ ብሩሽ ሲፍቅ፣ አንድ ባንድ፤
የጓያኪሏ ኔሊ የልጇን ደብተር በካውያ ስታደርቅ፣ ገጽ በገጽ፣
ቀለሙ እንዳይሄድ።

«ይኼ ምኑ ዜና ነው?» አለ አንዱ አላፊ።
የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ነው፣ አልኩ በሆዴ፤
ኋላም ለቱሊዮ ተረጎምኩለት እንደ ልማዴ።
ጠበሉ አልገባውም፤ «ልጡስ ምንድር ነው?» አለኝ።
«ገመድ የሚሆን ልጣጭ» አልኩት፤
ሳቀና ወደ ላይ፣ ወደ ኤርሚኒያ መስኮት አሳየኝ።

ኤርሚኒያ አራተኛ ፎቅ ናት፤ ጉልበቷ ከዳት፤
ዘጠና ሁለት ደረጃ፣ እኔ ነኝ የማጥበው፣ ከመንገዱ የለያት።
ጫማ ካደረገች ሦስት ዓመት ሆናት።
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣
ካሜራዬን እተክላለሁ ዓሣ ሻጩ ኑንሲዮ ፊት፤ ቀጥታ ሥርጭት ነው።
እጁን በሽርጡ ይጠርጋል፤ ሌንሱን ዓይኗን እንደሚያይ ያየዋል፤
«ኤርሚኒያ፣ ሰርዲኑ ሌሊት የገባ ነው፤ ዋጋው ያው፤
ቅርጫትሽን ልቀቂው!» ይላታል።
ከዚያ ዝም።
ከሥርጭታችን ሁሉ ያቺን ዝምታ ነው የምወዳት።
ቀስ ብላ ከምስሉ አናት፣ ከጥቁሩ ጠርዝ፣
ገመድ ትወርዳለች፤ ቅርጫት ትወርዳለች፣ እንደ ሚዛን እየተወዛወዘች፤
ውስጧ የታጠፈ ብር፣ ንፋስ እንዳይወስደው ከላዩ ጠጠር።

ሰኔ ውስጥ አንድ ማክሰኞ ጠራት፤ ቅርጫቷ ቀረች።
ደግሞ ጠራት።
ሌንሱን አነሣሁ፤ በየቤቱ፣ በየባንኮኒው፣ በሦስት መቶ ሜትር ውስጥ
የሚታየው አንድ የተዘጋ መስኮት ብቻ ሆነ።
«አትቁረጪ» አለኝ ቱሊዮ ከሰገነት፤ ድምፁ ሌላ ነበር።
ኦረስቴ ቁልፎቹን እያንቃጨለ ደረጃዬን ሲወጣ ሰማሁት፤
ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ... አብሬው ቆጠርኩ፤
ሰማንያ ላይ ትንፋሼን ዋጥኩ።

መስኮቱ ተበረገደ።
ቅርጫቷ ወረደች፣ ፈጥና፣ የተቆጣች መስላ።
ብር የለባትም። ሪሞት አለባት፤ ወረቀት አለባት፦
«ከትናንት ማታ ጀምሮ የማየው ነጭ አሸዋ ነው።
ያቺ ባለ አንሶላ ምን ነካችብኝ?
የሰርዲኑን ዋጋ ሳልሰማ ስንት ልላክ? ንገሩኝ!»

መንገዱ በሳቅ ተናጋ፤ ያ የማይንቀጠቀጥ እጄም ተንቀጠቀጠ፤
ካሴቱ እስከ ዛሬ አለ፤ እዚያ ላይ ምስሉ ይናጣል።

አንዳንዱ ይጠይቀኛል፦ «ከምንጩ ማዶስ ማን ያያችኋል?»
ማንም።
ከምንጩ ማዶ ላሉትም የጫማ ካርቶን ሞልቷል።