ልብ ያላልነው ተረከዝ

በቤር ሼቫ ሌሊት፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ፣
ማሽን ሲቆጥር ነው ሰው መኖሩ 'ሚታይ።
አባ ዋሴ ነበሩ በሰባተኛው አልጋ፣
ልባቸው ተከፍቶ በአዲስ በር የተዘጋ፤
ድሮ ሸማኔ ናቸው፣ ኋላ የፋብሪካ ሰው፣
ቂርያት ጋት ዘመናቸውን ክር ነው የጨረሰው።

ስፌታቸውን ዳሰው፣ በጣት ጫፍ መርምረው፣
«ሰፊው ባለሙያ ነው» አሉኝ ተገርመው።
«ግን ልጄ፣ ጥበብ 'ሚተረተር ከመሐል አይደለም፣
ከጠርዝ ነው፤ ጠርዙን ሰው ልብ አይለውም።»
ሳቅኩ። ሰዓት አየሁ። የሚጠራኝ ደወል ነበር።

ስድስት ሰዓት ሙሉ ልብ አቁሞ ማስነሳት፣
ደምን በቱቦ አዙሮ ከሞት ጋር መሟገት፣
ይህን ችለን ነበር። ያቃተን ቀላሉ፦
ሁለት ተረከዞች ከፍራሽ ከፍ ቢሉ።

በየሁለት ሰዓት «አገላብጡ» ይላል፣
ከግርጌው ሣጥን አለ፣ ምልክት ይፈልጋል።
የሰንበት ሌሊት ነው፣ ሠራተኛ አነሰ፣
አንዱ ደወል ሳይቆም ሌላኛው ደረሰ፤
ከሌሊቱ አሥር ላይ ወረቀቱን ይዤ፣
ሣጥኗን ሞላኋት በቁሜ ደንዝዤ።
«ተገላብጠዋል» የምትል አንዲት ትንሽ ጭረት።
አልገለበጥኳቸውም።
ይህ ነው የኔ እውነት።

ጠዋት ሐኪሟ መጥታ «ማ ሽሎምኻ?» አለች፣
ወደኔ ዘወር ብላ ትርጉም ጠበቀች።
«ይመስገን ነው» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው፤
«ደህና ናቸው» አልኳት፣ እኔም ቃሉን አምኜው።
ይመስገን ማለት ግን እኛ ቤት ሲባል፣
ደስታም ነው፣ ቁስልም ነው፣ ቀብር ላይም ይባላል፤
ሰው ቤቱ ተቃጥሎ፣ አመዱ ላይ ቆሞ፣
«ይመስገን» ይላል እንጂ መች ይናገራል ቀድሞ።
ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።
ከዚያ ሁሉ ነጭ ጋዋን መሐል
አማርኛ የሚሰማ ጆሮ
የኔ ብቻ ነበር፣
እሱም እንቅልፍ ናፍቆታል።

በአራተኛው ቀን ናይፋ ካልሲውን ገፈፈች
(የራሐት ልጅ ናት፣ የፈረቃችን አለቃ)፤ ዝም ብላ ቆየች።
ተረከዛቸው ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ ላልቶ፣
እንደ ከረመ ሾላ ከውስጥ ተበልቶ።
«ሲሚ ሌቭ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።
ልብ አኑሪ ማለት ነው ቃል በቃል ሲፈታ፣
እኛም ልብ በዪ እንላለን፤ ልብን ከደረት አውጥተን፣
ዓይን ወደሚያርፍበት፣ ወደሚያመው ቦታ።
እኛ ግን ልብ ጠግነን
ልብ ሳንል ቀረን።

ከተረከዙ ቁስል ጀርም በደም ወጣ፣
ደረጃ ደረጃውን እስከ አዲሱ በር መጣ፤
የሰፋነው ተፈታ፣ እንደገና ተሰፋ፣
የሰውዬው ሥጋ ከአንሶላው ሥር ጠፋ።
ስምንት ቀን ተባለ፤ በሰኔ የገቡት፣
በጥቅምት ማለቂያ ነው በከዘራ የወጡት።

ልጃቸው ኦስናት መዝገቡን አስወጣች፣
ጭረቴን ከነሰዓቱ አንብባ አመነች።
«ሁሉ ተደርጓል፤ እርጅና ነው» አለች፣
እኔንም አቅፋ አመሰገነች።
ለናይፋ ነግሬአታለሁ፤ በጽሑፍም ፈርሜ።
ለኦስናት ግን እስከ ዛሬ
አፌ አልተፈታም።

አባ ዋሴ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣
«ጠርዙን ነግሬሽ ነበር» አሉኝ።
ቁጣ አልነበረበትም። ከዘራውን ብቻ
ከግራ ወደ ቀኝ እጅ አዛወሩ።

አሁን ሌሊት ስገባ ማሽኑን ሳላየው
አንሶላ የምገልጠው ከግርጌ ጀምሬ ነው።
እንዴት አደርክ አልልም።
«የት ጋ?» ነው የምለው።
ሰውየው «ይመስገን» ይለኛል።
እኔም እግሩን በመዳፌ ይዤ
እጠብቃለሁ።