እጃቸው የት አለ?

ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ ደሴ ሳትነቃ፣ ሐሙስ ጠዋት፣
ከጨርቅ ሱቁ በላይ፣ ጣውላው በሚያቃስት አሮጌ ፎቅ ቤት፣
ሲባጎ ተወጥሯል ከመስኮት እስከ በር፤
የሳምንት ሥራችን በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሏል በአየር።

የመምህር አደም ሕግ አንዲት ናት፣ አጭር፦
«የሣለ ዝም ይበል፤ ያየ ይናገር።
ሥዕል ጠበቃ የለው፤ ራሱ ቆሞ ይመስክር።»

የኔው ሰኞ ገበያ ነው፣
የልጆች መጽሐፍ ላይ፣ ገጽ አሥራ ሁለት፣
ጠፍታ ስለተገኘች ስለ አንዲት ፍየል ተረት።
ሦስት ሌሊት አምሽቻለሁ ለፍየሏ ቀንድ፤
ስዬዋለሁ ጢሟን ፀጉሩን አንድ በአንድ።

ዝምታ። አንዱ ሳለ።
ዘሐራ «ያምራል» አለች፤ ሌላውም «ያምራል» አለ።
ያቺን «ያምራል» ታውቋታላችሁ፤
ዞር ሳይሉ መንገድ ላይ እንደሚጥሏት ሰላምታ።

ከዚያ ይመር፣ በሚኒባስ ከሐይቅ የሚመጣው፣
የጫማውን ጭቃ ሁሌ ፎቅ የሚያወጣው፣
እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ጠቆመ፣
«እጃቸው የት አለ?» አለና ቆመ።

እጃቸው?
ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ሰው። አንዱ በኪሱ ከቷል፣
አንዷ ነጠላዋ ውስጥ፤ አንዱ ከፍየሏ ኋላ ደብቆታል፤
ሽማግሌው በጋቢ፣ ልጅት በእናቷ ቀሚስ።
ገበያ ያለ እጅ! ታዲያ ማን ይመዝናል? ማን ነው መልስ የሚመልስ?

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። ምላሴን ነከስኩ፣
በሕግ ተሸብቤ በልቤ ተሟገትኩ፦
«ብርድ ነው! የደሴ ብርድ እጅ ያስደብቃል፤
የሐይቅ ልጅ ስለ ብርድ ደግሞ ምን ያውቃል?»

ባጃጅም አልያዝኩ፤ በእግሬ ቁልቁል ወረድኩ፤
ቁጣዬን ይዤው ግን ፒያሳን አልዘለቅኩ።
ልብስ ሰፊው በረንዳው ላይ፣ ክር አርጥቦ በምራቁ፣
ሳያይ በመርፌው ዓይን ሲያሾልክ፣ ወሬ ሳያቋርጥ፣ ከነሳቁ፤
የሙዝ ሻጯ አውራ ጣት ብር ላይ ሲሮጥ፣ ከአፏ ቀድሞ ሲቆጥር፤
አንድ አዛውንት መስጊድ ደጅ ቁጢጥ ብለው፣ የልጅ ልጃቸው ጫማ ክር
በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው፣ ቋጠሮው ግን ሳይሳሳት፣ ሲታሰር።
ይሄ ሁሉ እጅ የት ነበረ?
ወይስ እኔ ነበርኩ የሌለሁት?

ማታ፣ መብራት ሲሄድ፣ በሻማ፣
የድሮ ደብተሬን ገለጥኩ፣ ከካቻምና ጀምሮ፤
ገጽ በገጽ እጅ ይሸሻል፣ በኪስ፣ በጓንት፣ በአበባ ታጥሮ።
ሰው ሁሉ ያደነቀልኝ ያ ዋርካ እንኳ፣ ያ ባለ ግርማው፣
የተበላሸ መዳፍ ላይ ነው የበቀለው፤
ሥሩን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ግራ እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት፣ እንደ እንግዳ፤
ቀኜ ትሥላት ጀመር፣ እየፈራች፣ እንደ ባዳ።
መጀመሪያ ሹካ ሆነች። ቀጥላ የካሮት እስር።
ላጲሱን አነሣሁና… መልሼ አኖርኩት ከሻማው ሥር።
ከግርጌዋ ጻፍኩ፦ «አውራ ጣቷ ኮብልሏል፤
ነገ እንደ ፍየሏ ፈልጌ አመጣዋለሁ።»

ሐሙስ መጣ። አሥራ አንዱም እጁን አወጣ።
«የጨው ሻጩ ትንሿ ጣት ረዝማለች» አለች ዘሐራ፣ ቀረብ ብላ።
እውነቷን ነው። ረዝማለች።
ሳቄ አመለጠኝ፤ ሕጉ ስለ ሳቅ አይልም።
ይመር ምንም አላለ፤ እርሳሱን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

ተራው ደረሰ፦ ሐይቁ፣ አንዲት ታንኳ፣
ሦስት ዓሣ አጥማጆች፣ ወርቃማ ማለዳ።
«ያም…» ልል ነበር። ዋጥኳት።
«ሰዎችህ አይከብዱም» አልኩ፤ «ታንኳዋን ውሃው አላወቃትም።
ጥላቸው የት አለ?»

ጆሮው ቀላ። እርሳሱ ወደቀ።
ሕጉን አከበረ።

ስንወርድ ጉሙ ተገፎ ነበር፤
ፀሐዩ መንገድ ላይ፣ ጎንበስ ብሎ፣
የገዛ ጥላውን ሲሰልል አየሁት።
ብርዱ እንዳለ ነው።
እጄን ከኪሴ አወጣሁ።