ጦሳ ከኪራዩ ጋር

«መስኮቱን ክፈቺው» አለ ኑርዬ ደላላው።
ከፈትሁት። ነጭ ነው። ጉም ነው የሞላው።
«እዚያ ጋ ጦሳ አለ። ዛሬ ቢሸፈንም
ነገ ስትነሺ ታይዋለሽ፣ አይቀርም።
ሌላ ሰው ቢሆን ለብቻው አስከፍል ነበር፤
ላንቺ ግን ተራራው ከኪራዩ ጋር ይቆጠር።»

ከመናፈሻ በላይ፣ ሀብታም የሰፈረበት፣
ጥበቃው ኮፍያውን ለመኪና ብቻ የሚያነሣበት፣
አራተኛ ፎቅ ነው። የሊፍቱ ጉድጓድ በጣውላ ተከድኗል፤
«በቅርቡ ይገባል» እንደተባለ ሦስት ክረምት አልፎታል።
ሁለት መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ባለ ሴራሚክ ወጥ ቤት፣
ውሃ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ እሱም በውድቅት ሌሊት፤
ሮቶው ግን ትልቅ ነው፣ ሁለት ሺህ ሊትር፣
ኑርዬ በማለ ቁጥር ሊትሩም ሲጨምር
ምድር ቤት ስንደርስ አምስት ሺህ ገባ።

ባለቤቲቱ ወይዘሮ ዘሀራ፣ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ፣
ቁልፉን እንደ ተስቢሕ እየቆጠሩ አዩኝ ከታች እስከ ላይ።
«ስምሽስ?» «እናትነሽ።» «ያባትሽ?» «ሙሄ ነው።»
«ደግ፤ የኛው ቅልቅል ነሽ። ሥራሽስ የት ነው?»
«ኮምቦልቻ፣ ሂሳብ ክፍል፣ ከክር ፋብሪካው።»
«ሐረጎን በየቀኑ?» «ለመድሁት፤ ወረድ ወጣ ነው።»
«ባል?» «የለም።» «ልጅስ?» «የለም።» «ወንድም? እህት?»
«አሉ፣ በየፊናቸው።»
ዝም አሉ። ኑርዬ እግሩን ቀያየረ።
«ታዲያ ሁለተኛው መኝታ ለማን ነው፣ የኔ እመቤት?»

መልስ አልነበረኝም።

ሰኞ ገበያ፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሰባት ሆነን ነው ያደግነው፣
እንደ አሞሌ ጨው ጎን ለጎን ተደርድረን የተኛነው።
አንዱ ሲገላበጥ ሰባቱም ይዞራል፤
አንዱ በሕልሙ ቢወድቅ ሰባቱን ይሰብራል።
ከበሩ ጀርባ ነበረች የማልቀሻ ቦታ፣
እሷም መጥረጊያ አለባት፣ ጀሪካን አለባት፣
እሷም ተረኛ አታጣም ለማታ።
ደብዳቤ ያነበብሁት፣ ቀሚስ የለወጥሁት ብርድ ልብስ ውስጥ ነው፤
በር ዘግቶ መቀመጥን በወሬ ነው የማውቀው።

ይሄን ለወይዘሮ ዘሀራ እንዴት ብዬ ልንገር?
«እንግዳ ይመጣብኛል» አልሁ፣ እውነቱ ሲቸግር።
«እንግዳስ በረካ ነው» አሉና ቁልፉን ዘረጉ፤
«የስድስት ወር ቅድሚያ» ሲሉ ግን ዓይኖቻቸው ነጉ።

ስድስት ወር! የሂሳብ ሠራተኛ በጣቷ ስትቆጥር
የሦስት ዓመት እቁቤ ባንድ ፊርማ ሲቀበር፣
ኑርዬ ኮሚሽኑን ካንዳችን ተቀብሎ፣ ከሌላችንም ወስዶ፣
እያፏጨ ሄደ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ።

የመጀመሪያው ሌሊት፦ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ፌስታል፣ አንድ ኩባያ።
እንቅልፍ እምቢ አለ።
ተነሣሁ። የሁለተኛው መኝታ በር ዝግ ነው።
ቆምሁ።
አንኳኳሁ።
(ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። እጄ ነው ያንኳኳው፤
ሰባት ሰው የለመደ እጅ ባዶ ቤት መች አመነው።)
ገባሁ። የቀለም ሽታ። ድምፄን ሞከርሁት፦ «እናትነሽ!»
ግድግዳው ግማሹን ዋጠና መለሰልኝ፦ «ነሽ… ነሽ…»

በሩን ዘጋሁት። ከፈትሁት። ደግሞ ዘጋሁት።
ወለሉ ላይ ቁጭ አልሁና፣ ቦታ አገኘሁ ብዬ፣ ለቅሶን ጠራሁት፤
አልመጣም።
ስንት ዓመት ተራ የጠበቅሁለት ነገር
ተራው ሲደርስ ሌላ ቤት ሄዶ ነበር።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው አጉረመረመ።
ማክሰኞ ኖሯል። ባልዲ ይዤ ሮጥሁ፣
ባልዲው ሲሞላ ኩባያውን፣ ኩባያው ሲሞላ እጄን ዘረጋሁ።

ሲነጋ መስኮቱን ከፈትሁ። ነጭ። ጉሙ እዚያው ቆሟል።
ደወልሁ። «ኑርዬ፣ ተራራው የታል?»
እያዛጋ ሳቀ።
«ኧረ እህቴ፣ ትንሽ ታገሽው!
ጦሳ የት ይሄዳል? ኪራይ የለበት፣ ማን ያስወጣዋል?»