ተጠሪ

ከፍርድ ቤቱ አጥር፣ ከጃንጥላዬ ሥር፣
የደብረ ብርሃን ውርጭ ጣቴን ሲያስር፣
ትርሲት ወንድይፍራው መጣች በማለዳ
ዝም ያለ ስልኳን ይዛ እንደ ሰው ዕዳ።

«ኢንተርኔት ከጠፋ አርባ ቀን አለፈ፤
የትምህርቴ ፈተና ሳልቀመጥ ከሸፈ።
ወንድሜም ታሰረ፣ ለአንድ ጓደኛው ብቻ
በጻፋት ሁለት ቃል። ጋሼ፣ ማመልከቻ!»

ሠላሳ ዓመት ጻፍኩ የድንበር፣ የቀለብ፣
የጠፋ በሬ ዋጋ፣ የዕቁብ ገንዘብ፤
«አመልካች» ከሚለው ስሟን አስፍሬ
«ተጠሪ» ላይ ስደርስ ደረቀ ብዕሬ።

«ማን ዘጋው?»
«ቴሌን ስጠይቀው ‹ከላይ ነው› ይለኛል፤
ላይ ስሄድ ‹የታች ነው› ብሎ ይመልሰኛል።»

ድሮ ባላጋራ፣ ነጠላ ተቋጥሮ፣
ከችሎት ይደርሳል ከከሳሹ ታስሮ፤
«በሕግ አምላክ!» ከተባለ ሯጭም ይቆም ነበር።
ይሄኛው ግን
ጫፉ አይያዝ፣ ፊት የለው፣ የሚቆምበት እግር፤
ጆሮ ግን አለው፤ ሰምቷል ወንድሟ ሲናገር።

ክፍቱን ልተወው ስል
ትርሲት ነጠላዋን ሳብ አድርጋ
ከቴሌው ምሰሶ ጋር ጫፉን ቋጠረችው፤
«ዳኛ እስኪመጣ» አለች፣ «ቁራኛዬ ይኸው።»

ብዕሬን በትንፋሼ አሞቅሁ፤
በ«ተጠሪ» ትይዩ
የምሰሶውን ቁጥር ጻፍኩ።