የኤልዳ አጥር

ገና ሁለት ሳምንቴ ነው ፖስታ ማደል ከጀመርኩ፤
ጥቅምት፣ ካንሳስ፣ የጠጠር መንገድ። ዱብ! ሲል ደነገጥኩ።
የመኪናው ጣራ ተሰርጉዷል፤
አንድ አረንጓዴ ድቡልቡል ወደ ቦዩ ይንከባለላል።

አነሣሁት። ሁለት ጡጫ ያህላል፣
ቆዳው እንደ በግ አንጎል ተጣጥፎ ተጠቅልሏል፤
ሳሸተው የሎሚ ልጣጭ፣ ከዚያ ደግሞ ጥሬ ዱባ።
ስሙን ማን ይንገረኝ? ከፊት ወንበር አስቀመጥኩት
ከደብዳቤዎቹ ጋራ፣ እንደ ተሳፋሪ እንግዳ።

ኤልዳ ኡንሩ በሰማንያ አንድ ዓመቷ
በር ላይ ቆማ ጣራውን አየች፤ ቀደማት ሳቋ።
«መታህ? ና ወደ አጥሩ፤ ደብዳቤው ይቆይ።
ዛፍ በፍሬው ይታወቃል ይላሉ፤
ወንዱ ዛፍ አያፈራም፤ እሱንስ በምን ልትለይ?»

ቅጠል ቀነጠሰች፤ ነጭ ወተት በጣቷ ወረደ።
«አንድ።»
ከቅጠሉ ብብት እሾህ አሳየችኝ።
«ሁለት። ይኼን ጎማህ ሳያውቀው አይቀርም።»
በኪስ ቢላዋ ቅርፊቱን ፋቅ ብታደርገው
ውስጡ እንደ እርድ ቦግ አለ።
«ሦስት። ኦሴጅ ብርቱካን ይሉታል፣ ብርቱካን ግን አይደለም፤
ዘመዱ በለስ ነው። ሰው አይበላውም።»

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?»
«ምን የማይጠቅም አለው!
ኦሴጆች ቀስት ይቀርጹበታል፤ ይለመጣል እንጂ አይሰበር።
ሽቦ ሳይመጣ በፊት ለአያቴ ሽቦው ይኼ ነበር፣
ኮርማ አይጥሰው፣ አሳማ አይሾልከው።
ስንጣሪውን ቀቅዬ ነው ይኼን ሻሽ ያቀለምኩት፣
ሃያ ዓመቱ፣ ብጫነቱን እየው!
እናቴማ ሸረሪት ያባርራል ብላ
ፍሬውን ከአልጋ ሥር ደረደረችው፤
ሸረሪቷ መጥታ እዚያው ፍሬው ላይ ድሯን አደራች።
ብቻ በክፍት ምድጃ እንዳታነደው፣ ፍሙን ይተፋል፤
ምንጣፌን ኋላ ታየዋለህ።»

ከጥጉ ቋሚ ዘንድ ስንደርስ ወሬዋ ቆመ።
በጣቷ አጥንት አንኳኳችው፤ እንደ ብረት ጮኸ።
«ሄርማን ነው የተከለው፣ በተጋባን በጋ።
ምስጥ ቀምሶት ተመልሷል፤ ሃምሳ ስምንት ክረምት ዘንቦበታል።
ሄርማን አጠረ» አለች፤ «ዕድሜውም አጠረ።
እንጨቱ ቀረ።»

ያኔ ነው ደብዳቤውን የሰጠኋት፣ የካውንቲው ማኅተም ያለበትን።
ክንዷን ዘርግታ፣ ዓይኗን አጥብባ አነበበች፤
መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ በሚያዝያ ዶዘር ይመጣል፣
አጥሩ ይነሣል።

አልጮኸችም። ወረቀቱን አጥፋ
ከፍ ካለው እሾህ ላይ ሰካችው።
«ይኼም አንድ ጥቅሙ ነው፣ ነፋስ አይወስደውም።
ደግሞ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል።
የሚቸኩል እኔ ነኝ እንጂ፣ እሱ ጊዜ አለው።»

ጣራውን አላስጠገንኩትም።
ፍሬዋ አሁንም ከፊት ወንበር ናት፣ በአንድ ጎኗ ጠቁራለች።
እዚያ ጥግ ስደርስ መስኮቱን ዝቅ አደርጋለሁ፤
ወረቀቱ አለ፤ ዝናብ ፊደሉን አጥቦታል፣
ሸረሪት ጫፉን ከቅርንጫፉ ጋራ ሰፍታዋለች።